ጠያቂ ያጣው ድርሰት

ስርጉት እንግሊዝኛ የምታስተምርበት ክፍልና እኔ ባዮሎጂ የማስተምርበት ክፍል የሚለያዩት በአንድ የቆርቆሮ ግድግዳ ነው። የከተማችን የኮኪት ሙቀት የታወቀ ነው፤ ቆርቆሮው ከረፋድ በኋላ አያስነካም። በዚያ ላይ የእሷ ክፍል ጫጫታ አለ። ተማሪዎቼ የእንቁራሪት ልብ እየሳሉ ጆሯቸው ወዲያ ነው። አንድ ቀን ተናድጄ ሄድኩና፣ «ኧረ ስርጉት፣ እንግሊዝኛ እንዲህ የሚያስጮኸው ምን ቢሆን ነው?» አልኳት።

«አንድ ታሪክ እያነበብኩላቸው መጨረሻው ሳይደርስ አቁሜባቸው ነው» አለችኝ እየሳቀች።

ስርጉት የአብርሃ ጅራ ከተማ ልጅ ናት። ወላጆቿ ከደጋ ወርደው ሰሊጥ ሲያርሱ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ተማሪ ሳለች በእንግሊዝኛ ያነበበችውን ሁሉ ለእናቷ በአማርኛ ትተርክላቸው ነበር። እናቷ ፊደል አልቆጠሩም፤ ግን አንድ ጥያቄ ሳይጠይቁ አይለቋትም። «ሰውዬው አገር ጥሎ ሲሄድ በቅሎዋን ለማን ተዋት?» ይሏታል። መልሱን ስለማታውቀው በማግስቱ መጽሐፉን እንደገና ታነባለች። «እንግሊዝኛ ያስተማሩኝ እናቴ ናቸው» የምትለው ለዚህ ነው። እናቷ አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል አያውቁም።

አስተማሪ ስትሆን ይህንኑ ሕግ አደረገችው። ተማሪው በእንግሊዝኛ ድርሰት ይጽፋል፤ ቤቱ ሄዶ በቤቱ ቋንቋ ለአንድ ሰው ይተርካል፤ ሰሚው የጠየቀውን ይዞ ይመለስና መልሱን ድርሰቱ ውስጥ ጽፎ ያስገባል። በቃል መመለስ ክልክል ነው። ጠያቂ ያላገኘ ድርሰት እሷ ዘንድ አላለቀም፤ ቀይ እስክሪብቶዋንም አታነሳበትም።

ዘንድሮ ነገሩ የወላጆች ስብሰባ ላይ ደረሰ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና መልስ መርጠው የሚያጠቁሩበት ነው፤ ድርሰት የሚባል የለውም። የወላጅ ኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ገብረማርያም፣ ባለ ትራክተር ገበሬ ናቸው፣ የስርጉት የጽሑፍ ክፍለ ጊዜ ይዘጋና በፈተና ልምምድ ይተካ ብለው ሐሳብ አቀረቡ። ስርጉት ከኋላ ወንበር ተቀምጣ የነጠላዋን ጫፍ ታፍተለትላለች። ያ ክፍለ ጊዜ ከተወሰደባት የሚተርፋት ዓመቱን ሙሉ ኤ፣ ቢ፣ ሲ ማስመረጥ ነው። ተነሥታ ትከራከራለች ብዬ ብጠብቅ ከወንበሯ አልተነሣችም። እኔ ብሽቅ አልኩ።

«ልጆቻችን የሚወድቁት በተረት ነው» አሉ አቶ ገብረማርያም። «እኔ በዚህ ሐሩር የምቃጠለው ልጄ ተረት እንድትጽፍ አይደለም። በሉ፣ ተቃውሞ ያለው እጁን ያውጣ።»

ገበያው ላይ ጨርቅ የሚሸጡት ወይዘሮ ረቢዓ እጃቸውን አወጡ። «ተቃውሞ እንኳ አይደለም። አንድ ነገር ልጠይቅ ብዬ ነው። ያ ከሱዳን፣ ከጋላባት፣ በር ተሸክሞ የመጣው ሽማግሌ፣ በሩን የት ገጠመው?»

«የምን በር?»

«ልጄ ኢኽላስ የጻፈችው ነው። የሱዳኑ ጦርነት ሲመጣ ሰው ሁሉ ልጁንና ዕቃውን ይዞ ሲሻገር፣ አንድ ሽማግሌ የቤቱን በር ነቅሎ አዝሎ መጣ። ለምን በር አልኳት፤ ጽፋ አነበበችልኝ። ‹ቁልፉ ኪሴ ውስጥ እያለ በሩን ለማን እተዋለሁ› አለ አለችኝ። ወላሂ እንቅልፍ ነው ያጣሁት። አሁን የት ገጠመው?»

«እውነታቸውን ነው፣ የት ገጠመው?» አለ ከመሃል አንድ ገበሬ።

«የእኔው ልጅ ደግሞ ጉድጓድ የገባችውን ግመል ሳያወጣት ነው የተኛው!» አለች ሌላዋ። ከዚያ በኋላ ማን ያስቁማቸው።

እነዚህ ሰዎች ስለ ዝናብና ስለ ሰሊጥ ዋጋ ካልሆነ ስብሰባ ላይ ትንፍሽ ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። ለካ በየቤታቸው የእንግሊዝኛ ድርሰት ሲያርሙ ነው የከረሙት። ስርጉት ከተማውን ሙሉ ተማሪ ቤት አስገብታዋለች፤ በቆርቆሮ ግድግዳ የምጎራበታት እኔ እንኳ አላወቅሁም።

አቶ ገብረማርያም ጠረጴዛውን መቱት። «የኔ ልጅ ምንም ነግራኝ አታውቅም! የሷ ድርሰት የት አለ?»

ስርጉት ያን ጊዜ ተነሣች። «የጸዳለ ድርሰት አላለቀም፣ ጋሼ። ጠያቂ አጥቶ ነው።»

«እናቷስ?»

«‹ለእናቴ አይሆንም› አለችኝ። ለእርስዎ ካልሆነ አልተርክም ብላ ሰሊጡ አልቆ ማሽላው እስኪገባ ጠበቀች። እርስዎ እርሻ ላይ ነበሩ።»

ጸዳለ ከጓደኞቿ ጋር በሩ ላይ ቆማለች። «በይ ተርኪያ!» አሉ አባቷ፣ ቁጣቸው ገና ሳይበርድ።

አንገቷን ደፍታ ጀመረች። ትራክተር የሚነዳ አንድ ሰው አለ። ቤት ሲገባ ቃል አይወጣውም። አንድ ቀን ልጁ ምሳ ልታደርስለት እርሻው ድረስ ሄደች። ሰሊጡ ታጭዶ ነዶው ቆሟል። ከነዶው ጀርባ ሆና ድምፁን ሰማች፤ ሞተሩን አጥፍቶ ብቻውን ይዘፍናል። አባቷ እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳለው አታውቅም ነበር። ስትቀርብ አያትና ዘፈኑን አቋርጦ፣ «ውኃ ይዘሻል?» አላት። ድርሰቱ እዚህ ላይ ቆመ።

ሰውዬው ማን እንደሆነ ያልገባው አልነበረም። የሳቀም የለም። አቶ ገብረማርያም ባርኔጣቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«ልጅቱ…» አሉ በመጨረሻ፣ «ዘፈኑን ወደደችው?»

ጸዳለ ቀና ብላ አፏን ስትከፍት ስርጉት ቀደመቻት። «በቃል አይመለስም። ሕጉን ታውቂያለሽ፤ ጽፈሽ ነው።»

«መቼ ነው የምትጽፈው?» አሉ አባትየው።

«የጽሑፍ ክፍለ ጊዜያችን ሐሙስ ነው» አለች ስርጉት። «ካልተዘጋ።»

አቶ ገብረማርያም ዞር ብለው፣ ሐሳቡን ያመጣነው እኛ መምህራኑ የሆንን ይመስል፣ አፈጠጡብን።

«ማነው የሚዘጋው?» አሉ።