ራሰ በራ ላይ ያለው ድንጋይ

ያቺን ኮረብታ «ራሰ በራ» ብሎ የሰየማት ቶሎሳ ነው። ዛፍ የለባትም፣ አፈሯም ታጥቦ አልቋል፤ ከላይ እስከ ታች ድንጋይ ናት። ካርታ ላይ ቁጥር ነበራት፣ እኛ ግን በቁጥሯ ጠርተናት አናውቅም። ዛሬ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ካፌ ተቀምጠው ስለ ጦርነት ሲያወሩ የምሰማቸው ወጣቶች ጦር ሜዳ ሁሌ ሩጫና ጩኸት ይመስላቸዋል። አብዛኛው መቀመጥ ነው። ውሃ እስኪመጣ መጠበቅ፣ ሰማይ ማየት። ጥርት ያለ ሰማይ አንወድም ነበር፤ ድሮን የሚመጣው ያኔ ነው።

ትእዛዙ የደረሰን ከሰዓት በኋላ ነው። ኮረብታዋን ይዘን ተተኪ ኃይል እስኪደርስ እንድንቆይ ተነገረን። የጓዱ መሪ እኔ ነበርኩ። ቶሎሳ መትረየስ ተኳሽ ነበር። ዛሬ ኮንዶሚኒየም የበቀለበት የሰሚት ማሳ ላይ አብረን ጤፍ ያጨድን፣ የሰፈሬ ልጅ ነው። መቆፈር ሞከርን፤ መሬቱ እንቢ አለ። ስለዚህ ድንጋይ ለቅመን በወገብ ልክ ካብ ካብን። ምሽጋችን እሱ ነበር።

ጎህ ሲቀድ የዚያኛው ወገን ተዋጊዎች መጡ። ሞርታር ቀደመ፣ ሰው ተከተለ። ቀኝ ክንፋችን ተሰበረ። ካቡን ዘለው ገቡ፤ በሰደፍ ተያያዝን። ረፋዱ ላይ ወደ ኋላ ተመለሱ። ተኩሱ ሲበርድ ቶሎሳ መትረየሱን ተደግፎ፣ ሆዱን በሁለት እጁ ይዞ አገኘሁት። «ለእናቴ ሜዳ ላይ ቀረ እንዳትላት» አለኝ። ሌላ አልተናገረም።

ቶሎሳን ጨምሮ አምስት ሰው ሞተብን። ከዚያኛው ወገንም ሦስት ሰዎች ካባችን ውስጥ ወድቀው ቀርተዋል። መሬቱ አይቆፈርም፣ ጅቡ ደግሞ መድፈር ጀምሯል። ካቡን አፍርሰን ሬሳዎቹን ድንጋይ ለማልበስ ወሰንኩ። አንዱ ልጅ «የእነሱንም?» አለኝ። «ጅብ ወገን አይለይም» አልኩት። ስምንቱን ጎን ለጎን አስተኝተን ድንጋዩን ጫንንባቸው። ሙታኑ ምሽግ አገኙ፣ እኛ ያለ ምሽግ አደርን። በማግስቱ ተተኪው ኃይል ደረሰና ወረድን።

ወደ አዲስ አበባ ስመለስ መጀመሪያ የሄድኩት የቶሎሳ እናት፣ አዴ ብርቄ ቤት ነው። ሜዳ ላይ አልቀረም፣ በእጄ ቀብሬዋለሁ አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ የያዙት ይህንን ብቻ ነው።

ዘንድሮ ከአንድ የሥነ ሕንፃ ቢሮ ተደወለልኝ። መገናኛ ያለችኝን የመለዋወጫ ሱቅ ዘግቼ ወደ ቦሌ ሄድኩ። ሔለን የምትባል ወጣት አርክቴክት ተቀበለችኝ፤ አባቷ ራሰ በራ ያለችበት የሰሜኑ አገር ሰው ናቸው። ራሰ በራ ላይ የከዋክብት መመልከቻ ጣቢያ ሊሠራ ነው፤ ፈንጂ ሊኖር የሚችልበትን ቦታ እንዳሳያቸው ነበር የፈለጉኝ። ዕቅዱን አስረዳችኝ፦ ኤሌክትሪኩ ከፀሐይ፣ ውሃው ከጣሪያ ላይ ከሚጠራቀም ዝናብ፣ ጠባቂዎቹና አስጎብኚዎቹ የአካባቢው ልጆች። ጦርነት ቢመለስ የመመልከቻው መሣሪያ ተፈታቶ መኪና ላይ ተጭኖ ይወርዳል። ይቺ ልጅ ጦርነትን እንደ ክረምት ተመላልሶ የሚመጣ አድርጋ አስባዋለች ብዬ አዘንኩ።

ከዚያ ከላይ የተነሳ ፎቶ አሳየችኝ። ሲሚንቶ እስከዚያ ማጓጓዝ አያስፈልግም፣ ግድግዳው እዚያው ባለው ድንጋይ ይሠራል፣ ገበሬዎቹ ከማሳ ለቅመው ከምረውልናል አለች። እውነቷን ነው፤ በዚያ አገር ገበሬ ከማሳው የለቀመውን ድንጋይ ይከምራል። እሷ ያየችው ክምር ግን የእኛ ነው። 

«ሔለን፣ እሱ የገበሬ ክምር አይደለም» አልኳት። «መቃብር ነው። ስምንት ሰው አለበት።»

«የማን ወገን?»

«የእኛም፣ የእነሱም።»

ስክሪኑን አጠፋችው። የአጎቷ ልጅ ከዚያኛው ወገን ተሰልፎ እንዳልተመለሰ ነገረችኝ። የት እንደወደቀ የሚያውቅ የለም።

የቢሮው ኃላፊ ክፉ ሰው አይደለም። አጽሙ በክብር ይነሳ፣ እርስዎ ይለዩልንና ለየቤተሰቡ እንስጥ አለኝ። ልቤ ፈቀደ። ቶሎሳን ለእናቱ ባመጣ ምን እጠላለሁ? ግን ሁለቱም ወገን የለበስነው ዩኒፎርም አንድ ዓይነት ነበር፣ የጫንነውም አንድ ክምር ነው። አጽሙን መለየት አልችልም። እናቱን ልጠይቅ ብዬ ወጣሁ።

አዴ ብርቄ እስክጨርስ ሰሙኝ። አጠገቡ ሦስት የዚያኛው ወገን ሰዎች እንዳሉ ነግሬያቸው አላውቅም ነበር። ይቆጣሉ ብዬ ፈራሁ።

«የሦስቱ እናቶች ያውቃሉ?» አሉኝ።

«አያውቁም።»

«እንግዲያው አትንኳቸው። እኔ የት እንዳለ አውቃለሁ። እነሱ ገና ሊፈልጉ ይመጣሉ።» ከዚያ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፍነው አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ።

ሔለን ጣቢያውን ከጫፉ አውርዳ የኮረብታዋ ትከሻ ላይ አደረገችው። ኃላፊው ተከራክሯት ነበር፤ ጫፉ ስለሚጋርደው የምሥራቁ ሰማይ ግማሹ አይታይም። «ይቅርብን» አለችው። ድንጋዩን ከሥር ካለው ወንዝ በአህያ ያወጡታል። ሥራው ተጀምሯል። አንዳንዴ ሱቅ መጥታ ስለዚያ ቀን ትጠይቀኛለች፤ የማውቀውን ያህል እነግራታለሁ፣ እሱም ብዙ አይደለም።

እዚያ የተኙት ስምንት ናቸው። የአምስቱን ስም አውቃለሁ።