ለጥሩምባ ነፊው ያልተነገረ መርዶ

አማቴ አቶ ሚደቅሳ አንድ ብርጭቆ ውሃ ለመጠየቅ ግማሽ ጠዋት ይፈጅባቸዋል። አፋቸውን ይከፍታሉ፣ የአንገታቸው ሥር ይገተራል፣ በግራ እጃቸው ያመለክታሉ። እኛ ደግሞ ከዘራ እናቀብላለን፣ ራዲዮ እንከፍታለን። የሚወጣቸው «እሱ… እሱ» ብቻ ነው። ሲመሽ ድንጋይ ሲፈልጡ የዋሉ ይመስላሉ።

እኚህ ሰው የጌጃ ሰፈር ዕድር ጥሩምባ ነፊ ነበሩ። ንጋት ላይ በየቅያሱ ዞረው የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ሲናገሩ ድምፃቸው አብነት ሰፈር ድረስ ይሰማል ይባል ነበር። በ2001 ዓ.ም. ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈሰሰና ቀኝ ጎናቸውም አንደበታቸውም ተያዘ። ሐኪሙ ለእኔና ለባለቤቴ ለቤካ የራሱን ጭንቅላት እየነካ አስረዳን። ቃል የሚያወጣው ክፍል በግራ በኩል ወደ ግንባር ነው፤ ክፉኛ የተጎዳው እሱ ነው። የሰው ንግግር የሚረዳው ከዚያ ወደ ኋላ ነው፤ እሱ ብዙም አልተነካም። የሚያውቁትን ያውቃሉ፣ የጠፋው መውጫው ነው አለን።

ይህንን ለዘመድ ሁሉ ነገርኩ። ሰው ግን መልስ ከማይሰጠው ጋር መጫወት ይሰለቸዋል። አንዳንዱ ጆሯቸው የደከመ ይመስል ይጮህባቸዋል። የዳማ ጓደኛቸው ጋሽ አብዱሰመድ ብቻ እንደ ድሮው ናቸው። «ስትሸነፍ ሰበብ ታበዛ ነበር፣ ተገላገልኩ» ሲሏቸው በግማሽ አፋቸው ይስቃሉ።

ባለፈው ጥቅምት የአማቴ ታናሽ እህት አያንቱ አምቦ ላይ አረፉ። መርዶ በእኛ ዘንድ በማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ በወግ ነው የሚነገረው። ለአቶ ሚደቅሳ ግን እንዲህ ይነገራቸው ብሎ ማንም አላሰበም። የቤካ አጎት ልጅ ፈቃደ ከቀብር ሲመለስ እኛ ቤት ገባና እዚያው አጠገባቸው ተቀምጦ ሁሉንም ይተርክ ጀመር። ዝም እንዲል በዓይኔ ጠቀስኩት።

«ተይ እንጂ ሌንሳ፣ እሳቸው አሁን ምን ይገባቸዋል» አለኝ።

ዞር ስል አቶ ሚደቅሳ በአንድ እጃቸው ጋቢያቸውን እንደ ሐዘንተኛ ሊያዘቀዝቁ ይታገላሉ። ትከሻቸው ላይ አልቆም እያለ ይወድቃል፣ ደግመው ያነሱታል።

በማግስቱ ገና ሳይነጋጋ ጋሽ አብዱሰመድንና የዕድሩን ሽማግሌዎች ጠራሁ። ጋሽ አብዱሰመድ የአማቴን እጅ ይዘው «ሚደቅሳ፣ እህትህ አያንቱ አርፋለች» አሏቸው። ያኔ ድምፅ አውጥተው አለቀሱ።

ሦስት ቀን ደጃችን ላይ አግዳሚ ዘርግተን ጠበቅን። ብዙ ሰው አልመጣም፤ ምን ይገባቸዋል ብሎ ይሆናል። ያልደረሳችሁ፣ አሁንም አልረፈደም፣ ኑ። እኔን ወይም ቤካን ሳይሆን እሳቸውን በስማቸው ጠርታችሁ አጽናኑልኝ። መልሳቸው እስኪወጣ ደግሞ እባካችሁ ለመነሳት አትቸኩሉ።