ውሃው የወሰደው ምዕራፍ

ጋምቤላ ከተማ፣ መምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ውስጥ ሥራ የጀመርኩ ዕለት የሒሳብ ክፍሉ ኃላፊ መምህር ታደለ የኮርስ ድልድሉን ሰጡኝ። ከስሜ ትይዩ "ጂኦሜትሪ" ይላል። ቢሯቸው ይሞቃል፤ ማራገቢያው ይዞራል እንጂ አየር አይሰጥም። እኔን ያላበኝ ግን ሙቀቱ አልነበረም።

"ጋሼ፣ አልጀብራ ቢሆንልኝስ?" አልኳቸው፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

"ምነው?"

"ጂኦሜትሪ አይሆንልኝም።"

"የሒሳብ መምህርት ሆነሽ?" ብለው ሳቁ። ደግ ሰው ስለሆኑ ግን ለወጡልኝ። "እንግዲህ ለሁሉም የየራሱ ተሰጥቶታል" አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜ "የአልጀብራዋ" ሆነ።

የተወለድኩት አቦቦ ነው፤ ወላጆቼ ከወሎ የመጡ ሠፋሪ ገበሬዎች ናቸው። ዩኒቨርሲቲ ጂኦሜትሪን ያለፍኩት ማረጋገጫዎቹን እንደ ዳዊት ሸምድጄ ነው። ሦስት ማዕዘን ባየሁ ቁጥር ገጹን ገልብጬ አልፍ ነበር። የአንጎሌ ጉድለት ነው ብዬ ተቀብዬው ነበር፤ ለማንም አላወራሁትም።

ኮሌጁ ውስጥ ሁላችንም የምናውቀው ነገር ነበር። ከኢታንግ በኩል፣ ከባሮ ወንዝ ዳር የሚመጡ ሠልጣኞች ጂኦሜትሪ ላይ ይበረታሉ፣ ከአቦቦና ከሌሎቹ የሠፈራ መንደሮች የሚመጡት ደግሞ አልጀብራ ላይ። ምክንያቱን በሻይ ሰዓት እንፈለስፋለን። አንዱ "የወንዝ ልጅ በዓይኑ ነው የሚያስበው" ይላል። ሌላው "የገበሬ ልጅ ስሌቱን ከእናቱ ጡት ጋር ይጠባዋል" ይላል። እኔም ስቄ እስማማለሁ። ለእኔ የሚመች ማብራሪያ ነበራ!

አሪየት የምትባል ሠልጣኝ ከኢታንግ መጣች። ወረዳዋ የሒሳብ መምህርት ሆና እንድትመለስለት ነው የላካት። የጂኦሜትሪው መምህር ሰሌዳ ላይ የሠራችውን እንድናይ ሥራ አስጥሎ ይጠራናል። እኔ ክፍል ግን ሁለት ጊዜ ወደቀች። የቀራት አንድ ድጋሚ ፈተና ነው፤ እሱን ከወደቀች ከኮሌጁ ትሰናበታለች።

መምህር ታደለ አዘኑላት። "ያልተሰጣትን ከምናስጨንቃት ወደ ሌላ ክፍል ትዛወር" አሉኝ።

ወሬው ደርሷት ቢሮዬ በር ላይ ቆመች። "ቲቸር፣ ሒሳብ ልተው እንዴ?" አለችኝ። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ባዶ ክፍል ውስጥ አስገባኋትና ጠመኔ ሰጠኋት። ሦስት ሲቀነስ ሁለት ኤክስ እኩል ይሆናል ሰባት፤ ፍቺ አልኳት። ሦስቱን በትክክል አሻገረችው። ኔጌቲቭ ሁለት ኤክስ እኩል ይሆናል አራት የሚለው ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ።

"እዚህ ጋ ሁልጊዜ ይጠፋኛል" አለች።

"ኔጌቲቭ ቁጥር ሰባተኛ ክፍል አልተማራችሁም?"

"መጽሐፉ ላይ መጀመሪያ ነው አይደል? መጀመሪያውን አልተማርንም።"

"ለምን?"

"መስከረም ላይ ትምህርት ቤታችን ውሃ ውስጥ ነው፣ ቲቸር። ባሮ ሲሞላ ሰው ሁሉ ከፍ ወዳለው መሬት ይወጣል። የምንገባው ኅዳር ነው።"

"ስትገቡ መምህሩ ከመጀመሪያው አይጀምርም?"

"አይጀምርም። ሱፐርቫይዘር ይመጣበታል። ዕቅዱ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ነው ይለዋል።"

"በየዓመቱ?"

"ውሃው በየዓመቱ ነው።"

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። መጽሐፎቹ ከቁጥርና ከእኩልታ ጀምረው በቅርጽ ነው የሚጨርሱት። አሪየት ቅርጹን ደረቅ መሬት ላይ፣ ረጋ ብላ ተምራለች። ቁጥሩ በጎርፍ ጊዜ አለፈ።

ከዚያ ስለ ራሴ አሰብኩ። ግንቦት ላይ እኔ የት ነበርኩ? ዝናቡ ሲጀምር እኛ የሠፋሪ ልጆች ደብተራችንን ሰቅለን በቆሎ እንዘራ ነበር። መምህራችን ክፍል ውስጥ ለቀሩት ሁለት ሦስት ልጆች "የመጨረሻውን ምዕራፍ በግላችሁ አንብቡ" ብሎ ዓመቱን ይዘጋል። የመጨረሻው ምዕራፍ ጂኦሜትሪ ነው። እኔ ጂኦሜትሪ የማይገባኝ ሰው አልነበርኩም፤ ያልተማርኩት ሰው ነበርኩ። ብቻዬን ሳቅኩ። ለዓመታት ደረቴ ላይ የተቀመጠ ነገር ተነሣልኝ።

አሪየት ያበድኩ መስሏት አፍጥጣ አየችኝ። ነገርኳት።

"ታዲያ ቲቸር፣ እርስዎም ጎድሎብዎታል!" አለች። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች።

"የሰባተኛ ክፍል መጽሐፍ ይዘሽ ነይ" ስላት ግን ፈገግታው ጠፋ። "ጓደኞቼ ቢያዩኝስ? ኮሌጅ ገብቼ የሰባተኛ?" ሽፋኑን በጋዜጣ ለበጠችው። ከኮሌጁ ጀርባ ማንጎ ሥር፣ ከክፍል በኋላ እንገናኝ ጀመር።

እኔም ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ኔጌቲቭን በባሮ ላስረዳት ሞከርኩ፤ ውሃው ከድልድዩ ምሰሶ ምልክት በላይ ሲሆን፣ በታች ሲሆን እያልኩ። ጥቂት ታገሠችኝ።

"ቲቸር፣ ባሮን ይተዉትና ቁጥሩን ያሳዩኝ። ባሮን አውቀዋለሁ።"

ተውኩት። የቁጥር መስመር አሠመርን፣ ቀነስን፣ አባዛን፣ አካፈልን። ያቃታት አልነበረም። ምንም ያልተጻፈበት ቦታ ላይ ነበር የምንጽፈው፤ በቶሎ ያዘችው። ሲደክመን ቦታ እንለዋወጣለን። እሷ አሸዋው ላይ በእንጨት ክብ ትሥላለች፣ እኔ እጠይቃለሁ። ከሦስት ማዕዘን መሸሹን ተውኩ።

መምህር ታደለ አንድ ቀን ደርሰውብን የተለበጠውን መጽሐፍ ገለጡት። "ይሄ ኮሌጅ ነው እንጂ መካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አይደለም" አሉ። ስለ ጎርፉ ነገርኳቸው። ከዚያ መጽሐፉን ለአሪየት መልሰው ሄዱ፤ ስለ ዝውውሩም ዳግመኛ አላነሡም።

የድጋሚ ፈተናው ወረቀት የሚታረመው በሌላ መምህር ነው፤ ደንቡ እንደዚያ ነው። እስኪታረም ድረስ ምግብ አልበላ አለኝ። ውጤቱን ይዘው የመጡት ራሳቸው መምህር ታደለ ናቸው። "አልፋለች፤ ያውም በደህና" አሉ። እፎይ አልኩ፤ ጮክ ብዬ ነው መሰለኝ፣ ኮሪደሩ ላይ የነበሩት ዞረው አዩኝ። አሪየት ስትሰማ ግድግዳውን ይዛ ቁጭ አለች። ያኔ ነው ያለቀሰችው።

አሁን ኢታንግ ታስተምራለች። ዘንድሮ ደወለችልኝ።

"ውሃው ቆይቶብን ኅዳር ላይ ገባን። ሱፐርቫይዘሩ መጥቶ 'ከዕቅዱ ወደ ኋላ ቀርተሻል' አለኝ።"

"ምን አልሽው?"

"ልጆቹ አንደኛው ምዕራፍ ላይ ናቸው፣ እኔም እነሱ ጋ ነኝ አልኩት።"

ሰው ሁሉ ለሁሉም የሒሳብ ዓይነት እኩል ነው አልልም፤ አሪየት ቅርጽ ስታይ ዛሬም ከእኔ ትፈጥናለች። ግን አንዱ ቀሎት ሌላው የከበደው ተማሪ ሲገጥማችሁ፣ ተሰጥኦውን ከመመዘናችሁ በፊት የከበደውን ማን እንዳስተማረው ጠይቁት። ብዙ ጊዜ መልሱ "ማንም" ነው።