ዞሮ የሄደው ሰውዬ

የደሴታችንን የቦጋንቪልን ሸማቂዎች ከመንግሥት ሊያስታርቁ ከመጡት ሰዎች አንዱን ዓይኔ አልወደደውም። ሸሚዙ ሁሌ እንደተተኮሰ ነው። የምናኝከውን የዘንባባ ፍሬ ስንሰጠው በሁለት እጁ ተቀብሎ ኪሱ ይከታል እንጂ አይቀምስም። "አገራችሁን ሳይ ገና የመጀመሪያዬ ነው" ይላል።

"እንግዳ ሰው መንገድ ይጠይቃል፤ ይሄ መቼ ጠይቆ ያውቃል?" ትላለች አክስቴ ሩፊና።

ትናንት ለምሳ ሲወጡ ባልደረቦቹ ሣር የዋጠውን ሜዳ አቋርጠው ሄዱ። እሱ ግን ባርኔጣውን አውልቆ ዳር ዳሩን ዞረ። ከሣሩ ሥር በጦርነቱ የተገደሉ አሥራ አንድ ልጆቻችን አሉ፤ ምልክት አላቆምንም፣ ለአስታራቂዎቹም አልነገርንም።

"ማን ነገረው?" አልኳት አክስቴን፣ ዛሬ ከሩቅ እያየነው።

"የቀበርናቸው እዚያው በወደቁበት ነው" አለች፣ ዓይኗን ከሰውዬው ሳትነቅል። "የወደቁበትን ከኛ ሌላ የሚያውቅ የጣላቸው ነው።"