በሁዳዴ ቁርስ የምበላ ሴት

መጀመሪያ የመጣው ውሃ ጥም ነው። በሚያዝያ ሙቀት ቆቦ ላይ ውሃ መጠማትን ማን በሽታ ይለዋል? አንድ ጆግ ጠጥቼ ሳልጨርስ ሁለተኛውን እቀዳለሁ። ከስፌት መኪናዬ እየተነሳሁ ሽንት ቤት ስመላለስ ደንበኞቼ ይስቁብኝ ነበር። ስከሳማ ጭራሽ ደስ አለኝ፤ ቀሚሶቼን በሙሉ አጠበብኳቸው። ዓይኔ ደብዝዞ ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት ሲያቅተኝ ነው ሆስፒታል የሄድኩት።

ስኳር ነው አሉኝ፤ ኢንሱሊን የሚፈልገው ዓይነት። ዶክተሩ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ ወጣት ነው። አንገቴ ላይ ያለውን ማተብ አየና ሳልጠይቀው ተናገረ። «መርፌውን ከተወጋሽ በሰዓቱ ትበያለሽ። ሳይበሉ መዋል ከእንግዲህ የለም።»

ሰማሁት። አልተቀበልኩትም።

ስለ ራሴ ትንሽ ልንገራችሁ። ባል አላገባሁም፤ ልጅም የለኝም። ለእግዚአብሔር የምሰጠው ትልቁ ነገሬ ጾም ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳልቀምስ ነው የምውለው። ቅዳሴ አልቆ ጠበል ጠጥቼ ስወጣ ባዶ ሆዴ ውስጥ አንድ ሙቀት ይሰማኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር ፍቅር ነበር። ሌላ ፍቅር አላውቅም።

ስለዚህ ሁዳዴ ሲገባ ሕመሜን ከንስሐ አባቴ፣ ጾሜን ከዶክተሩ ደበቅሁ። ጠዋት ኢንሱሊኔን ተወጋሁ፤ ምንም ሳልቀምስ ሥራዬ ላይ ቆይቼ ቀትር ላይ ቅዳሴ ሄድኩ። ለእግዚአብሔር ብዬ ከቆምኩ እሱ ይይዘኛል አልኩ።

በሦስተኛው ቀን ላብ አሰመጠኝ። እጄ ተንቀጠቀጠ። ከንፈሬ ደነዘዘ። የቄሱ ድምፅ ራቀብኝ። ወደቅሁ።

የነቃሁት ሆስፒታል ነው። ክንዴ ላይ ግሉኮስ ተሰክቷል። «ሃይፖግላይሴሚያ ነው» አለ ዶክተሩ። «ስኳርሽ በጣም ወርዶ ነው። ትንሽ ዘግይተው ቢያመጡሽ አንጎልሽ ይጎዳ ነበር።» የንስሐ አባቴ አባ ተክሌ ከአልጋው አጠገብ ቆመዋል። እሳቸው ያግዙኛል ብዬ አየኋቸው። «ሰዓቱን ተይው ልጄ» አሉኝ። «ከሥጋና ከቅቤው ብቻ ተከልከይ። ጠዋት ብዪ።»

አባም ከዱኝ። ከሁሉም በላይ ግን እሱ ከዳኝ። በገዛ ቤቱ፣ ለሱ ቆሜ፣ እዚያው ንጣፉ ላይ ጣለኝ። ሰው እንዲህ ቢያደርገኝ ሰላም አልለውም ነበር። እሱንም ሰላም ማለት ተውኩ።

ስኳሬ እየተስተካከለ ሲሄድ ልቤ እየቀዘቀዘ ሄደ። እህል የቀመሰ ቤተ መቅደስ አይገባምና ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር መቆም ጀመርኩ። የሰፈር ሴቶች የወር አበባዋ ላይ ናት ብለው ገመቱ። ሁዳዴው እስኪያልቅ የማያባራ የወር አበባ የት እንዳዩ እንጃላቸው። ከፋሲካ በኋላ መቆሙንም ተውኩት። ቤቴ ያለችው የጸሎት ሥዕል ላይ አቧራ ሲከመር እያየሁ አልፋታለሁ።

በቀጣዩ ዓመት ሁዳዴና ረመዳን አንድ ላይ ገጠሙ። ቆቦ ላይ ጠዋት የሚበላ ሰው ጠፋ። እኔ የሱቄን መጋረጃ ጋርጄ እንደ ሌባ እበላለሁ። አንድ ቀን መጋረጃው ተገለጠ። ጎረቤቴ ጨርቅ ነጋዴው ጋሽ ይማም ናቸው፤ በወረቀት የተጠቀለለ ዳቦ ይዘዋል። እሳቸውም ስኳር አለባቸው፤ የክትትል ቀናችን አንድ ነው።

«እታለም፣ ቤቴ ሁሉ ጾመኛ ነው። ልጆቼ ፊት መብላት አፈርኩ» አሉኝ። «እዚህ ልብላ?»

በርጩማ ሰጠኋቸው። ቢስሚላህ ብለው ቆረሱና ቀና ብለው አዩኝ። «አንቺስ አታመሰግኚም እንዴ?»

ማዕድ ከባረክሁ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ለይሉኝታ ብዬ አቡነ ዘበሰማያት ጀመርኩ። መሃሉ ላይ ቆመብኝ። ሌላ ነገር ወጣኝ።

«ለምን ከዳኸኝ?» አልኩት፤ ጮክ ብዬ። «ያለኝን አንድ ነገር ነው የሰጠሁህ። እሱኑ መልሰህ ወረወርክብኝ።»

ጋሽ ይማም ማኘካቸውን አቆሙ። አንገታቸውን ደፉ። አልቅሼ ስጨርስ «አብሽሪ» ብቻ አሉኝና ውሃ ቀዱልኝ።

ያን ቀን ፔዳሉን እየረገጥኩ ከእግዚአብሔር ጋር ስጨቃጨቅ ዋልኩ፤ በማግስቱም ቀጠልኩ፤ እጅጌ እየገጠምኩ፣ ቁልፍ እየተከልኩ የዓመቱን ብሶት አንድ በአንድ ስነግረው ቆየሁና፣ ሳምንት ሳይሞላኝ፣ ምንም የማልወደው ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልተናደድኩ ነበር የሚል ሐሳብ መጣብኝ። ስንት ዓመት ረሃቤን ሳቀርብለት አንድም ቀን እንዲህ ከልቤ አዋርቼው እንደማላውቅ የገባኝ ያኔ ነው። ያ ሙቀትም መጣ፣ ያውም ቁርስ በበላሁበት ሆድ፣ ከድሮው ይበልጥ በርትቶ፤ እሑድ ዕለት ወደ ዛፌ ሥር ተመለስኩ፤ ሴቶቹ የፈለጉትን ይገምቱ።

ይህን የምጽፈው ስኳር ይዟችሁ ጾም ለደረሰባችሁ ነው። ለሐኪማችሁም ለንስሐ አባታችሁም አስቀድማችሁ ንገሩ፤ እንደኔ አትደብቁ። ካልበላሁ ምን ያደርግልኛል ብላችሁም ኢንሱሊኑን በራሳችሁ አትዝለሉት። ከረሜላ ከኪሳችሁ አይጥፋ፤ ላብና መንቀጥቀጥ ሲጀምራችሁ ቅዳሴው እስኪያልቅ አትጠብቁ። ያን ዶክተር እውነቱን ስለነገረኝ አመሰግነዋለሁ። አባ ተክሌን ይቅርታ ጠይቄያቸዋለሁ። ጋሽ ይማም አሁንም አንዳንድ ጠዋት ዳቧቸውን ይዘው ይመጣሉ።

እግዚአብሔርንም አመሰግነዋለሁ። ቅያሜዬ ጨርሶ ለቀቀኝ ግን አልልም፤ ሕዝቡ ተግተልትሎ ቤተ መቅደስ ሲገባ እኔ ውጭ ስቀር ይቆጠቁጠኛል። ሲቆጠቁጠኝ እነግረዋለሁ። እናንተም የከዳችሁ ከመሰላችሁ ተጣሉት፤ ጮክ ብላችሁ ተጣሉት፤ ይችለዋል። ብቻ መጀመሪያ ቁርሳችሁን ብሉ።