ሁለተኛው ቀጠሮ

ሻንጣውን አባቴ ትናንት ከቁም ሳጥኑ ጀርባ አውጥቶ አልጋዬ ላይ አስቀመጠልኝ። ዚፑን ስከፍተው የአዲስ ፕላስቲክና የናፍታሊን ሽታ ፊቴን መታኝ። የዋጋው ወረቀት አሁንም እጀታው ላይ እንደተንጠለጠለ ነበር። ነሐሴ ሲያልቅ ዩኒቨርሲቲ ልገባ ኤድመንተን እሄዳለሁ። ደስታዬን የት እንደማደርገው ጠፍቶኛል፤ ሰሞኑን ብዕር ስይዝ እጄ ራሱ ይቸኩላል። «ላንቺ ብዬ ነው ያስቀመጥኩት» አለኝ አባቴ። ሻንጣው ለማን እንደተገዛ አውቃለሁ። እናንተም እወቁልኝ ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ቤታችንም ይኸው ቴምፕል የሚባለው ሰፈር ያለው ቤት ነው። ወንድሜ በአራት ዓመት ይበልጠኛል። በሃይስኩሉ ቡድን የአሜሪካን ፉትቦል ይጫወት ነበር። ከልምምድ ሲመለስ ጉልበቱን በሜንቶል ቅባት ያሸዋል፤ ሽታው ከቤዝመንቱ ተነሥቶ ደረጃውን ወጥቶ እናቴ ወጥ ላይ ይደርስ ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዎች እኛ ቤት ይመጣሉ። አንዱ ባለታክሲው ጎረቤታችን ነው። ሌላው አገር ቤት ሒሳብ ያስተምር የነበረ፣ እዚህ ዳውንታውን የመኪና ማቆሚያ የሚጠብቅ የአባቴ ጓደኛ። ሦስቱ ሶፋው ላይ ተደርድረው ከድንበር ማዶ በኬብል የሚመጣውን የኮሌጆች ጨዋታ ያያሉ። አንዳቸውም ያቺን እንቁላል የመሰለች ኳስ በእጃቸው ነክተው አያውቁም። ክርክራቸውን ብትሰሙ ግን አሰልጣኞቹን የሚቀጥሩትም የሚያባርሩትም እነሱ ይመስሏችኋል።

ባለታክሲው ሁልጊዜ የሚነሣው ከክፍያው ነው። ስታዲየሙ ጢም ብሎ ይሞላል፣ ቲኬቱ ይቸበቸባል፣ ኮቹ ቪላውን ይሠራል፣ የሚሰበረው ግን የልጁ ጉልበት ነው ይላል። «ለልጁ ምን ሰጡት? ደብተር!»

መምህሩ መነጽሩን ያስተካክላል። «ደብተር የናቅኸው አንተ ነህ። ደብተር ይዘህ ቢሆን ኖሮ ኤርፖርት በር ላይ ተሰልፈህ አትውልም ነበር።»

«አንተስ ይዘህ አይደል የሰው መኪና የምትጠብቀው?»

አባቴ እንባው እስኪወርድ ይስቃል። ለማንም አይፈርድም። ተጫዋች ወድቆ ሳይነሣ ሲቆይ ብቻ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብሎ «ቆይ፣ አሁን ይሄ ልጅ ይከፈለዋል?» ብሎ ይጠይቃል። ወንድሜም ምንጣፉ ላይ እንደተቀመጠ፣ ጉልበቱን እያሸ፣ «አይከፈለውም አባዬ» ይላል። ሳምንት እየጠበቀ ይኸው ነበር።

በዚያ የበረዶ ወራት፣ ጥር ላይ፣ ከአንድ የአሜሪካ ኮሌጅ ስልክ ተደወለ። አሰልጣኙ ወንድሜን ሊወስደው ፈልጎ ነበር፤ የአራት ዓመት ስኮላርሺፕ ይዞ እሑድ ቤታችን እንደሚመጣ ተናገረ። ወንድሜ ስልኩን ዘግቶ ጓሮ ወጣና በረዶው ላይ ተንጋለለ፤ እናቴ በመስኮት አይታ አመመው ብላ ደነገጠች።

አባቴ ግን ነገሩን እንደ ደንቡ ያዘው። እንግዳ ቤት ድረስ መጥቶ ልጅ ሲጠይቅ አባት ብቻውን አይቀመጥም። ስለዚህ ባለታክሲውና መምህሩ ሙሉ ልብስ ለብሰው እንዲገኙ ተነገራቸው። ባለጉዳዩም ሽማግሌ ፊት አይቀርብምና ወንድሜ ቤዝመንት እንዲሆን ተወሰነ። «አባዬ፣ እኔ እኮ ሙሽራ አይደለሁም» አለ እየሳቀ። ቢሆንም ወረደ። አስተርጓሚ እኔ ሆንኩ። «የምንለውን ብቻ ነው የምትዪው» አለኝ አባቴ፤ «ከትልቅ ሰው ቃል ላይ አይጨመርም፣ አይቀነስም።» ኩራቴን ልነግራችሁ አልችልም። የቤተ ክርስቲያን ቀሚሴን ለበስኩ።

የዚያን ቀን ከተራራው በኩል ሞቃቱ ንፋስ፣ ቺኑክ፣ መጥቶ ነበር። የጣሪያው በረዶ ቀልጦ ከመስኮቱ ውጭ ጠብ ጠብ ይላል፤ ሳሎኑ ውስጥ ቢጫ ብርሃን ተኝቷል። አሰልጣኙ ጆሮው የቀላ ትልቅ ሰው ነበር። ጫማውን በር ላይ ሲያወልቅ ባለታክሲው ለመምህሩ በዓይኑ ምልክት ሰጠው፤ ጨዋ ነው ማለቱ ነው። አሰልጣኙ ከቦርሳው የኮሌጁን ኮፍያ አውጥቶ ለአባቴ ዘረጋለት።

«ኧረ ለምን ተቸገሩ፣ አይሆንም» አለ አባቴ።

እንዳለው አድርጌ ተረጎምኩ። ሰውየው ጆሮው ይበልጥ ቀላና ኮፍያውን መልሶ ቦርሳው ከተተው። ሁለተኛ ሲለመን ሊቀበል ተዘጋጅቶ የነበረው የአባቴ እጅ ጉልበቱ ላይ ግማሽ እንደተነሣ ቀረ። ያኔ መንቃት ነበረብኝ።

አሰልጣኙ ስለ ትምህርቱ፣ ስለ ሐኪሞቻቸው፣ ስለ ዶርሙ አወራ። ባለታክሲው «ደሞዙስ?» በይው አለኝ። ሕጉ አይፈቅድም ብሎ መለሰ፤ ባለታክሲው ጣሪያ ጣሪያውን አየ። በመጨረሻ አሰልጣኙ ወደ ፊት ጎንበስ አለና የቀረው ቦታ አንድ ብቻ እንደሆነ፣ ማታውኑ ደግሞ አጠገባችን ያለችው ከተማ ኦኮቶክስ ሌላ ልጅ ለማየት እንደሚሄድ ተናገረ። መልሱን ዛሬውኑ ቢሰማ ደስ እንደሚለውም ጨመረ።

አባቴ ተነሥቶ የኮቱን ቁልፍ ቆለፈ። «ቤታችን ድረስ መምጣትዎ ለእኛ ትልቅ ክብር ነው። እኛም ዘመድ ወዳጅ እናማክርበታለን። የዛሬ ሁለት ሳምንት እሑድ ይመለሱና መልሱን ይሰማሉ።»

በእኛ ዘንድ ልጅ ሲጠየቅ በመጀመሪያው ቀን እሺ አይባልም። ቶሎ እሺ ያለ ልጁን ያቀለለ ነው። ጠያቂው ይመላለሳል፤ በተመላለሰ ቁጥር ልጁ ይከብራል። አባቴ በቀጠሮው እሺ እያለ ነበር። ሐሙስ ዕለት ከቁም ሳጥኑ ጀርባ አዲሱን ሻንጣ አይቼዋለሁ።

አሰልጣኙ ወደ እኔ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ይፈልጋሉ ወይስ አይፈልጉም፣ ብሎ ጠየቀኝ። ሻንጣ ገዝተውለታል የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። አባቴን አየሁት፤ ፈገግ ብሎ ይጠብቃል። የምንለውን ብቻ ብሎኛል።

«ከሁለት ሳምንት በኋላ ይመለሱ ነው የሚሉት» አልኩት።

ቀስ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ማስታወሻውን ዘጋ፣ ከእናቴ ምግብ ሁለት ጊዜ ጎረሰ፣ ጫማውን አጥልቆ ሄደ። ሰዎቹ አባቴን እየጨበጡ አኩርተኸናል አሉት።

ቤዝመንት ወርጄ ለወንድሜ ሁሉንም አንድ በአንድ ነገርኩት። ጉልበቱን የሚያሽበት እጁ ቆመ። «ማታውኑ ኦኮቶክስ ነው የሚሄደው?» አለኝ። ሰኞ ከትምህርት ቤት ለአሰልጣኙ ደወለለት። ቦታው ተይዟል። የእናንተ ቤት አልፈለገም ብለን ነው፣ አዝናለሁ፣ ብሎታል አሰልጣኙ። ወንድሜ ይህን የነገረኝ አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ቆመን ነው። ይቆጣኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ኮፍያዬን ጆሮዬ ላይ ጎትቶ አስተካከለልኝ።

«ለአባዬ እንዳትነግሪው፣ ሚጢዬ።»

«ለምን?»

«ምን ብለሽ ትነግሪዋለሽ?»

እስከ ዛሬ አስባለሁ፤ በሁለት ቋንቋ አስባለሁ።

የቀጠሮው እሑድ ደረሰ። አባቴ በረዶውን ከበሩ እስከ መንገዱ ጠረገ። ሽማግሌዎቹ ያንኑ ልብሳቸውን ለብሰው መጡ። እኔና ወንድሜ የቤዝመንቱ ደረጃ ላይ በጨለማው ተቀምጠን እንሰማለን። ውጭ መኪና ፍጥነት በቀነሰ ቁጥር አባቴ ጉሮሮውን ይጠርጋል። መኪናው ያልፋል። እንዲህ እያለ መሸ። በመጨረሻ የአባቴ ድምፅ መጣ፣ ቀስ ብሎ።

«ከልባቸው ቢፈልጉት ኖሮ፣ ሁለተኛ ይመጡ ነበር።»

ልነሣ ስል ወንድሜ እጄን ያዘኝ። እጁ ሜንቶል ሜንቶል ይሸታል። ሰዎቹ ተሰናብተው እስኪወጡ አልለቀቀኝም።

ዛሬ ወንድሜ ከሚሠራበት መጋዘን ሺፍቱን ጨርሶ ሲመለስ ሻንጣውን አልጋዬ ላይ አየው። መቀስ አምጥቶ የዋጋውን ወረቀት ቆረጠልኝና «የምትሄጂ ዕለት እኔ ነኝ የምሸከምልሽ» ብሎ ሊተኛ ሄደ።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። በዚያው ዓመት መኸር ላይ፣ ቅዳሜ፣ እንደ ልማዳችን ቲቪው ፊት ነበርን። ካሜራው የዚያ ኮሌጅ ተቀያሪዎች የሚቀመጡበት ላይ አፍታ ሲያርፍ የኦኮቶክሱ ልጅ ታየ፤ የራስ ቁሩን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ጉንጩ ቀልቶ። ወንድሜ በሃይስኩል ጨዋታ ገጥሞት ስለነበር ወዲያው አወቀው። አባቴ ግን ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለ።

«ቆይ፣ አሁን ይሄ ልጅ ይከፈለዋል?»

«አይከፈለውም አባዬ።»

«ምስኪን» አለ አባቴ፤ እጁንም የወንድሜ ጉልበት ላይ አሳረፈ።