የአባቴ የሩዝ መፈተጊያ

ሩዝ ፎገራ የገባው በደርግ ጊዜ፣ በአምራቾች ማኅበር በኩል ነው። ክረምት ውኃ የሚተኛበት መሬታችን ወደደው። መዝራቱስ ባልከፋ፤ ገለፈቱን ማላቀቁ ግን የሴቱን ክንድ ጨረሰው። እናቴ ከሙቀጫው ስትነሣ ጉርሻ ወደ አፏ ማንሣት እንኳ ያቅታት ነበር።

አባቴ ይህን አይቶ ዝም የሚል ሰው አልነበረም። የቄስ ልጅ ነው፤ እጁ እንጨት ካልነካ አያርፍም። ከዋንዛ ግንድ አንዱ በአንዱ ላይ የሚዞር መፈተጊያ ጠረበ። እንጨት ብቻውን ግን ሩዙን ይሰባብረዋል፤ የብረት ጥርስ ያስፈልገዋል። የወረታው ቀጥቃጭ ደጋግሞ ቢሠራለትም የልቡ አልደረሰለትም። በመጨረሻ የአሮጌ መኪና ባሌስትራ ብረት ተሸክሞ ሄደና ወናፉ አጠገብ ተቀምጦ ራሱ ቀጠቀጠው። እሱንም በገበያ ቀን፣ ሰው ሁሉ እያየው!

መፈተጊያው ሠራ። ዝናው እስከ አንበሳሜ ከተማ ደረሰ፤ ሴቶች ሩዛቸውን በአህያ ጭነው ይመጡ ጀመር። ካድሬው በስብሰባ መሀል አስነሥቶ የሰፊው ሕዝብ የፈጠራ ሰው ነው ብሎ አስጨበጨበለት። ጭብጨባ ምን ይሠራለታል? በእኛ አገር ብረት የቀጠቀጠ ሰው ቡዳ ነው ይባላል፤ ከቡዳ ጋር ደግሞ ማንም ጽዋ አይጠጣም። በሚካኤል ማኅበር ላይ ጽዋው እሱን እየዘለለ ያልፍ ጀመር። አባቴ አልተቆጣም። «ዝክሩን የማውጣት ተራዬ ሲደርስ ቤቴ መጥተው ከእኔ ጋር ይጠጣሉ፣ ያኔ ነገሩ ይረሳል» ይል ነበር። ተስፋው ሁሉ እዚያ ላይ ነበር።

ተራው ደረሰ። ጽዋውን አምጥቶ በክብር አስቀመጠ። እናቴ ጠላ ጠመቀች፣ ዳቦ ደፋች፣ ቄጠማ ጎዘጎዘች። ማንም አልመጣም። የንስሐ አባታችን እንኳ አሞኛል ብለው ላኩ። አባቴ ነጭ ጋቢውን እንደለበሰ በሩን ሲያይ ዋለ።

በማግሥቱ እነዚያው ሰዎች ሚስቶቻቸውን ሩዝ አሸክመው ላኩልን። ወይ ዓይን አውጣነት! እስካሁን ሳስበው ደሜ ይፈላል። ከፊት የቆመችው የጽዋ ማኅበሩ አለቃ ሚስት ነበረች። አባቴ ወደ መፈተጊያው ሄደ። እናቴ ግን ማንም ካልቀመሰው ጠላ ጽዋውን ሞልታ በሩ ላይ ቆመች።

«ሩዙ ይፈተጋል» አለች። «መጀመሪያ ግን ከዚህ ቅመሱ፤ እሱም ከእናንተ ጋር ይጠጣል።»

የአለቃው ሚስት አንገቷን ደፋች። ከዚያ ሩዟን ተሸክማ ወጣች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። ብዙ ሳይቆይ ከየቤቱ የሙቀጫ ድምፅ ይሰማ ጀመር። ክንዳቸው ቢቆረጥ ይሻላቸዋል ማለት ነው። አባቴ መፈተጊያው አጠገብ ተቀምጦ ያን ድምፅ ሲሰማ ፊቱን አየሁት፤ ባላየሁት ይሻለኝ ነበር።

አንዲት ሴት ብቻ አልሄደችም። ለመውለድ የተቃረበች ጎረቤታችን ናት፤ ባሏ ቢሰማ እንደሚደበድባት ሁላችንም እናውቃለን። ሁለት እጇን ዘርግታ ጽዋውን ተቀበለችና ጠጣች። ከዚያ ወደ አባቴ ሄዳ ሰጠችው።

ከእጇ ተቀብሎ ጠጣ። ከዚያ ተነሥቶ ሩዟን ፈተገላት፤ እስኪጨርስ ድረስ ያለቅስ ነበር።